ካርዷ ላይ «ያልተማረች» የተባለችው የምህንድስና ተማሪ

ገዳሪፍ፣ ሱዳን፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል

አውቶቡሱ በሰሊጥ ጆንያ ከመሞላቱ የተነሳ ጉልበቴ አገጬ ላይ ደርሷል። እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ትምህርታቸው ለተቋረጠ ስደተኛ ሴት የምህንድስና ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ቦታ እናፈላልጋለን። ዘንድሮ አንድ ቦታ ብቻ ተገኘ። የታጨችውን ለተብርሃንን ላያት መሄዴ ነው፤ ማመልከቻው ነገ ይዘጋል።

«ኡስታዝ፣ ኡም ጋርጉር ካምፕ ምን ልትሠራ ነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«ኢንጂነር ፍለጋ።»

«ከካምፕ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ኡም ጋርጉር፣ 3 ሰዓት

የሣር ጎጆ፣ አቧራ፣ የጀሪካን ሰልፍ። ለተብርሃን ኤሌክትሪክ ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠች ቀጭን ልጅ ናት፤ እጇን የሰሊጥ አጨዳ አቁስሎታል። የሰጠኋትን ስሌት መሬት ላይ በእንጨት ሠራችና የእኔንም ስህተት አረመችልኝ። ደስ አለኝ፤ ትንሽም አፈርሁ። ከዚያ የስደተኛ ካርዷን አየሁ፦ «ያልተማረች» ይላል።

ክው አልሁ። «ምንድነው ይሄ?»

«ሐምዳይት ላይ ድንበሩን ስንሻገር የተማረ እየተለየ ይያዛል ተብሎ ተወራ። ሰልፉ በሙሉ ገበሬ ነኝ፣ ፊደል አልቆጠርኩም ይል ነበር። እኔም አልኩ። ወረቀቶቼን ከመሻገሬ በፊት ቀብሬያቸዋለሁ።»

ካርዱ ካልታረመ ማመልከቻው አይታይላትም። እጇን ይዤ ወደ መኪና ሮጥሁ።

ሾዋክ፣ 7 ሰዓት

የስደተኞች መዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አማርኛ የሚችሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው። «ያስተማራት ሰው ይምጣና ይመስክር፤ አሁኑኑ አርማለሁ» አሉ።

«ቲቸር ክፍሎም እዚሁ ገበያ ናቸው!» ብላ ለተብርሃን ወጣች። ይዛቸው የመጣችው ትከሻቸው ላይ የጆንያ ብናኝ ያለባቸውን ተሸካሚ ነው። አንድ የሥራ ጓደኛቸውም ተከትሎ በሩ ላይ ቆመ።

ሽማግሌው የክፍሎምን ካርድ አዩት። የጣት አሻራ ቀለሙን ሳጥን ገፋ አደረጉላቸው። «አውራ ጣትህን።»

የእሳቸውም ካርድ «ያልተማረ» ይላል! ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ሰው እኮ ናቸው። ክፍሎም በሩ ላይ የቆመውን ጓደኛቸውን አዩት፣ ቀጥሎ ለተብርሃንን። ሳጥኑን መለሱና እስክሪብቶ ጠየቁ። ሙሉ ስማቸውን ጻፉ፤ ከሥሩም «የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት መምህሯ» ብለው ጨመሩ።

ካርዷ ታረመ። ማመልከቻውን እዚያው በስልኬ ላክሁት፤ ለተብርሃን ግንቡን ተደግፋ አለቀሰች።

ጓደኛቸው ግን ከበሩ አልተነቃነቀም። ሁለት ዓመት አንድ ክፍል አብረው ኖረዋል።

«ክፍሎም፣ ማንበብ ትችላለህ?» አላቸው።

«ይቅር በለኝ፤ ፈርቼ ነው።»

ሰውየው ገባና የራሱን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የእኔንም አርሙልኝ» አላቸው ሽማግሌውን። «የኬሚስትሪ መምህር ነኝ።»