ወደ መስኮቱ ዞር በይ

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ሰበታ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ያዙኝ። ስልኬ ውስጥ የሰልፍ ቪዲዮ አገኙ። ያስገቡን ክፍል የእህል መጋዘን የነበረ ነው፤ አቧራው ጉሮሮ ይከረክራል።

ከጎኔ የምትተኛው ከወላይታ የመጣች የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ከሥራ ስትወጣ ሰልፉ መሃል ገብታ ነው የተያዘችው። ምርመራ ላይ ስለመቷት ፊቷ የሁለት ሰው ይመስል ነበር። ግራው የራሷ ነው፤ ቀኙ አብጦ ጠቁሯል፣ ዓይኑም ተከድኗል።

"ያምሻል?" አልኳት።

"ስስቅ ብቻ።"

አንድ ቀን ጠዋት ሁለታችንንም ጠሩን። ፎቶ ተነስታችሁ ትፈታላችሁ ተባልን። ካሜራ የያዘው ፖሊስ በኦሮምኛም በአማርኛም "ታኢ፣ ተቀመጪ" አላትና ፊት ለፊት አነሳት። ስክሪኑን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ፎቶውን አጠፋው።

"ይሄማ አይሆንም። ወደ መስኮቱ ዞር በይ።"

ግራ ጉንጯ ብርሃኑን አገኘ፤ ቀኙ ጥላ ውስጥ ገባ። ከማንሳቱ በፊት አለቃውን ጠርቶ በስክሪኑ አሳየው። እኔም በትከሻቸው መሃል አየሁ። ጤነኛ፣ ቆንጆ ልጅ! ጥላ ውስጥ የቀረውን ግማሽ ዓይኔ ራሱ በደህናው አምሳል ሞላው። ጉዳቷን እያወቅኩ እንኳ አላየሁትም።

ሊያነሳ ሲል ፊቷን ወደ ካሜራው መለሰች። አዞራት። እንደገና መለሰች።

"የኔ እህት፣ ዛሬ ቤትሽ መግባት አትፈልጊም?" አላት አለቃው።

"እፈልጋለሁ።"

"እንግዲያው ወደ መስኮቱ።"

"ፊቴ ይሄ ነው" አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ።

አለቃው ቀረብ ብሎ ያበጠውን ጉንጯን አየ። ምነው በጮኸ ብዬ ተመኘሁ። "እሺ" አለ በመጨረሻ፣ "እስኪሽር ትቆይ። ለብቻዋ አድርጓት።"

በአጠገቤ ሲወስዷት "አይዞሽ፣ እትዬ" አለችኝ። እኔን አጽናናችኝ።

እኔ የዚያኑ ዕለት ተፈታሁ። ቆይቼ ፋብሪካው በር ላይ ጓደኞቿን ጠየቅኩ። ተፈትታ አገሯ ገብታለች፤ አንደኛው ዓይኗ ግን እንደ በፊቱ አይገለጥም አሉኝ።

አሁንም የታሰረ ሰው ፎቶ በዜና ሲወጣ ቤተሰቦቼ "ተመስገን፣ ደህና ነው" ይላሉ። እኔ ፊቱን ከማየቴ በፊት ብርሃኑ ከየት በኩል እንደመጣ እፈልጋለሁ።