ገብስ ውስጥ የከረመው ዲስክ

ባለፈው ሳምንት የልጄ የማስተዋል ላፕቶፕ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። «ቅጂ አለሽ ወይ?» ብላት፣ «አዎ፣ እዚሁ ውስጥ ሌላ ፎልደር ላይ» አለችኝ። ወይ ጉድ! ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ ፒያሳ አንዲት ኮምፒውተር ቤት እሠራ ነበር። ማሽናችን በሊኑክስ የሚሠራ፣ ቫይረስ የማይደፍረው ነበር። ከክረምት እስከ መኸር የደብራችንን የዜማ መምህር፣ የየኔታን ድምፅ የቀረጽኩት በእሱ ነበር። የማሽኑን ዲስክ እንዳለ በሌላ ዲስክ ገልብጬ፣ ቅጂውን ጥር ላይ ኮሶዬ ላለው አባቴ አደራ ሰጠሁት።

ሚያዝያ ላይ የኔታ ታመው ድምፃቸው ተዘጋ። ደቀ መዛሙርቱ የሚማሩት ከቀረጽኩት ነውና፣ የኔታ ራሳቸው ሰምተው ስሕተቱን ሳያርሙ መሞትን ፈሩ። በዚያው ሰሞን የማሽኑ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ብሎ ሞተ። እኔ ቁጭ ብዬ የማለቅስ ሴት አይደለሁም፤ በማግስቱ በኮሶዬ በሚያልፈው የደባርቅ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።

ኮሶዬ ጉም ለብሳ፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አባቴ በኩራት ጎታውን አሳየኝ። ዲስኬን በፌስታል ጠቅልሎ የዘር ገብስ ውስጥ ቀብሮታል፤ ከቤቱ ከዚያ የከበረ ቦታ የለማ! የጎታው አፍ ደግሞ በእበት ተመርጎ ደርቋል። ነቀዝ እንዳይገባው እስከ ሰኔ አይነካም።

«ምነው ልጄ፣ ሲርበን እንኳ የዘር ጎታ ከፍተን እናውቃለን?» አለ።

«አባዬ፣ የኔታ ሰኔን ላያገኙት ነው።»

አባቴ ማጭዱን አንሥቶ ምርጊቱን ራሱ ሰበረው።

ፒያሳ ተመልሼ፣ ከዲስኩ የኬብል መሰኪያ የገብስ ገለባ በመርፌ አወጣሁ። አዲስ ዲስክ ገጥሜ፣ ማሽኑን በሲዲ አስነሥቼ ቅጂውን እንዳለ መለስኩ። እምቢ አለ፤ ለካ የሞተውን ዲስክ መለያ ቁጥር ይዞ እሱኑ ይፈልጋል። መለያውን በአዲሱ ቀየርኩለት፤ ተነሣ። እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ማሽኑን ቤታቸው ወሰድኩላቸው፤ የኔታ አልጋቸው ላይ ሆነው በጣታቸው እየመቱ ሰሙ። አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን አነሡና በሹክሹክታ «እዚህ ላይ ወድቄያለሁ፤ ጻፊው» አሉኝ። እስከ መጨረሻው አረሙት። ሰኔ ሳይገባ ዐረፉ።

የዚያ ዓመት ዘራችንን ግን ግማሹን ነቀዝ በላው። አባቴ ከጎረቤት ተበድሮ ዘራ፤ እስኪሞት ድረስ አንድም ቀን አላነሣብኝም። አደራ ምን እንደሚያስከፍል ያወቅሁት ከእሱ ነው።

ይህን ለማስተዋል እያወራሁ ፋይሎቿን በአዲስ ዲስክ ገልብጬ ጨረስኩ። ጎታው አሁን ወንድሜ ቤት ነው። አዲሱን ዲስክ በፌስታል ጠቅልዬ እጇ ላይ አኖርኩት።

«ኮሶዬ ውሰጅና ለአጎትሽ ስጪው» አልኳት። «ጎታ ውስጥ ግን እንዳይከተው ንገሪው።»