ጉልበቴን ይዤ ከመልካ ጀብዱ እስከ ከዚራ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12፡20፣ መልካ ጀብዱ፣ ድሬዳዋ

ፀሐይ ሳትበረታ ወጣሁ። ባለቤቴን ታደሰን «እህቴን ጠይቄ እመጣለሁ» ብዬ ዋሸሁት፤ የምሄደው ክሊኒክ ነው። ዳቦ ሊገዛ አብሮኝ ሲወጣ፣ እንደ ልማዱ በረንዳችን ደረጃ ላይ ቆም ብሎ «ቅደሚ» አለኝ። ሃያ ዓመት አብረን ኖረን እንኳ አክብሮቱ አልቀነሰም።

ካንባቢ አልደብቅም። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ልብስ እተኩሳለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ቀኝ ጉልበቴ ይደርቃል፣ ደረጃ ስወርድ ይወጋኛል። አለቃዬ ካወቀ ከሥራ ያስወጣኛል ብዬ ፈራሁና ዘዴ ፈጠርኩ። ሰርቪሱ በር ላይ ሁሉንም «ቅደሙ» እላለሁ፤ ሰው ሲያልቅ ብረቱን ይዤ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ። ጓደኞቼ «እንዴት ያለች ጨዋ ናት!» ይላሉ። ጨዋነቴ እንግዲህ ይኸው ነው።

1፡00፣ መንገድ ላይ

አቧራ፣ የፋብሪካ አጥር፣ መንገድ የሚያቋርጡ ግመሎች። የባጃጁ ሾፌር ሙሜ ጉልበቴን ሳሽ በመስታወቱ አየኝ።

«አቦ፣ ጉልበት ነው? እናቴን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሲግል እግሯን እዚያ ውስጥ ቀበርንላት። ወላሂ፣ ሳምንት ሙሉ ሮጠች!»

«ከሳምንቱ በኋላስ?»

«ከዚያማ እኔ ነኝ የማመላልሳት።»

ሳቅሁ። እኔስ ምን ያልሞከርኩት አለ? በወጌሻ ታሽቻለሁ፣ የግመል ስብ ተቀብቻለሁ፣ እሑድን ሙሉ ከአልጋ ሳልወርድ ውያለሁ።

1፡40፣ ከዚራ

የዛፍ ጥላ፣ የድሮ ቤቶች፣ የፈጢራ ሽታ። ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው! የጉልበት ሐኪም ፎቅ ላይ ያስቀመጠ ሰው የራሱ ጉልበት ደህና ቢሆን ነው።

ደረጃው ሥር አንዲት ትልቅ ሴት ቆመዋል። ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነውና «ቅደሚ እናቴ» አልኳቸው።

«አንቺ ቅደሚ።»

«በእናትሽ!»

«ወላሂ አልቀድምም!»

ከኋላችን ሰው ተሰለፈ። እሳቸው ብረቱን የጨበጠ እጄን አዩ፤ እኔም የእሳቸውን አየሁ። ጉልበታቸውን መታ አድርገው «ጂልባ?» አሉኝ በኦሮምኛ።

«ጂልባ» አልኳቸው።

ክንድ ለክንድ ተያይዘን እየሳቅን ወጣን። አደ ፋጡማ ይባላሉ፤ ከጀልዴሳ ነው የመጡት። ፍየል ለማለብ ቁጢጥ ብለው መነሳት ቢያቅታቸው ለምራታቸው «አንቺ ተለማመጂ» ብለው ለቀቁላት። ምራታቸው ክብር መስሏት እስከ ዛሬ ታመሰግናቸዋለች።

4፡00፣ ሐኪሙ ዘንድ

«ሁለት ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ?» አለኝ።

«ሰው ሳስቀድም።»

ጉልበቴን አጥፎ ዘርግቶ አየው። መገጣጠሚያው መሸርሸር ጀምሯል፣ ግን ገና ጅምር ነው አለኝ። መተኛቱ ጡንቻዬን እንዳደከመው ነግሮኝ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን ዘርግቼ ማቆየት አስተማረኝ። በየመሃሉ ቁጭ እንድል ለአለቃዬ ወረቀት ጻፈልኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እፈራለሁ፤ ቢሆንም ሰኞ እሰጠዋለሁ።

7፡30፣ ቤት

ታደሰ ከበረንዳው ወርዶ ተቀበለኝ። እውነቱን ሁሉ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ወደ ደረጃው እያመለከተ «በይ ግቢ፣ ቅደሚ» አለኝ።

እግሬን ላነሳ ስል ዞር ብዬ አየሁት። እጁ የበረንዳውን ቋሚ ጭብጥ አድርጎ ይዟል።

«ታዴ፣ ያንተስ ጉልበት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መሬት መሬት አየ።

«ካንቺ በፊት» አለኝ።

ክንዴን ሰጠሁት።