ጥቁርና ነጭ ቅጂ

የቢሮ ሥራዬ የቆዩ ሰነዶችን ስካን አድርጎ ማጥራት ነው። የወየበው ወረቀት፣ የሻዩ ጠብታ፣ እድፉ ሁሉ ነጭ ይሆናል፤ ጽሑፉ ብቻ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ይህንን ጥበቤን አባቴ ላይ የሞከርሁት ፈርቼ ነው።

አባቴ ጣና ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ከክረምቱ ወዲህ ሲወጡ ሲገቡ ግድግዳ መዳበስ ጀምረዋል። ዓይን ከሌለ መቀደስ የለም፤ ያለ ቅዳሴ ደግሞ አባቴን አላውቃቸውም። የፈሩት ይደርሳል ሲባል እየሰማሁ ስላደግሁ፣ ፍርሃቴን ለእናቴ እንኳ አልተነፈስሁም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«ዓይኔስ ደኅና ነው። ብራናው ነው የጠቆረብኝ።»

ብራናው ከሆነማ መላ አለኝ ብዬ የጸሎት መጽሐፋቸውን ቢሮ ወሰድሁ። ፊደሉን አጉልቼ፣ ጥቁርና ነጭ አድርጌ አተምሁና በባጃጅ ሹም አቦ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታችን በረርሁ። ካነበቡልኝ ከጭንቀቴ እገላገላለሁ።

በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ቅጂውን ተቀብለው አማተቡና ማንበብ ጀመሩ። አንድም ቦታ አልተደናቀፉም። እፎይ ብዬ ከኋላቸው ቆሜ ገጹን አየሁት።

ቀይ የሚባል የለበትም። በብራናው ላይ የእመቤታችንና የቅዱሳኑ ስም እንደ ደንቡ በቀይ ቀለም ነበር የተጻፈው። ቀዩ ደብዝዞ ስለነበር ማሽኑ ከእድፉ ቆጥሮ ጠርጎታል። በየመስመሩ ባዶ ቦታ ሆኗል። የድንግልን ስም የፋቀች የቄስ ልጅ፣ ምን ልላቸው ነው? ወረቀቱን ልንጠቅ ወይስ እግራቸው ላይ ልውደቅ እያልሁ ሳመነታ ንባቡ ባዶው ቦታ ደረሰ።

«ማርያም» አሉ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው። ቀጣዩንም ባዶ እንዲሁ ሳይቆሙ አለፉት።

ጸሎቱን በቃላቸው ያውቁታል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በቃሉ የሚያውቅ ሰው ግን ስሙ የጎደለበት ገጽ ሲያይ ቢያንስ ቀና ይላል። እሳቸው ቀና አላሉም።

«አባ፣» አልሁ፣ «ቀዩስ እንዴት ነው? ይታይዎታል?»

ወረቀቱን ወደ ፊታቸው አስጠጉት።

«ተባረኪ ልጄ። ቀዩማ ከጥቁሩም ይልቅ ደምቋል።»

አባቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ለካ እሳቸውም እንደኔው ፈርተው ኖሯል። ዞሬ ከፊታቸው ቆምሁ። ዓይናቸው ፊት ላወዛውዘው እጄን ከፍ አደረግሁና፣ ፈርቼ መለስሁት።