በመስታወቱ ላይ የቀረ መዳፍ

መህዲ እንድሪስ ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ይህ ብቻውን አያስገርምም፤ የወረኢሉ ልጅ ጀልባ ምን ይሠራለታል? የሚያስገርመው አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እንጀራውን የሚበላው ከጀልባ መሆኑ ነው። አትላንታ አጠገብ ፒችትሪ ኮርነርስ፣ መጋዘኖቹ ከተደረደሩበት ጀርባ፣ የፈጣን ጀልባዎችን የፊት መስታወት የሚሠራና የሚጠግን ወርክሾፕ አለ። መህዲ እዚያ ነው።

መስታወት ይበሉት እንጂ መስታወት አይደለም፤ አክሪሊክ የሚባል ወፍራም ፕላስቲክ ነው። መህዲ ምድጃ ውስጥ ያሞቀዋል፣ እንደ ሊጥ ሲለሰልስ ሻጋታው ላይ ያለብሰዋል፣ ሲበርድ ይቆርጠዋል፣ ይበሳዋል። ቀዳዳውን ሁልጊዜ ከብሎኑ ሰፋ ያደርገዋል፤ ፕላስቲክ ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፣ መላወሻ ከነፈጉት ይሰነጠቃል። ትንሽ ስንጥቅ ይዞ የመጣ መስታወት እንደሆነ ደግሞ የስንጥቁን ጫፍ በጥፍሩ ፈልጎ እዚያችው ላይ ክብ ቀዳዳ ይበሳል። ስንጥቅ ክብ ነገር ውስጥ ሲገባ መሄጃ ይጠፋውና ይቆማል። በሰዓት ዘጠና ማይል ለሚበር ጀልባ ይህ ቀልድ አይደለም። በዚያ ፍጥነት ውሃ ድንጋይ ነው፤ የተሰበረው መስታወትም የሚያርፈው የተሳፋሪው ፊት ላይ ነው።

ከሥራ ውጭ መህዲ ሰው የለውም። ይኸው ነው፣ ማሳመሪያ አያሻውም። ሚስቱ ዋሲላ ከሞተች አራት ዓመት አልፏታል። ልጁ ሙዓዝ ቴክሳስ ነው፤ ሲደውልለት "ሚቲንግ ላይ ነኝ አባ፣ ኮል ባክ አደርግሃለሁ" ይላል፤ ሚቲንጉም አያልቅም። ሊቶኒያ በሚባል ሰፈር ቤዝመንት ተከራይቶ ይኖራል፤ ከላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቃቸው በኮቴያቸው ነው። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" እንላለን። ይህን ያለው ሰው ብቻውን የሚበላ ሁሉ ወዶ የሚበላ መስሎት መሆን አለበት።

ጁመዓ ግን ሌላ ቀን ነው። በጁመዓ መህዲ የሁለት ሰዓት ፈቃድ አለውና መስጊድ ይሄዳል። ኢማሙ ለስብከት ሚንበሩ ላይ ሳይወጡ ሐጂ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ዒጥር፣ ያንን የዘይት ሽቶ፣ በትንሽ ጠርሙስ ይዘው በተርታ በተቀመጠው ሰው መሃል ያልፋሉ። የእያንዳንዱን እጅ ይይዛሉ፣ መዳፉ ላይ ጠብ ያደርጋሉ፣ በአውራ ጣታቸው ያሹታል፣ "አላህ ይቀበልህ" ብለው ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። በሳምንት ውስጥ የመህዲን እጅ የሚይዝ ሌላ ሰው የለም። ለዚያች አምስት ሰከንድ ብሎ ሐሙስ ጥፍሩን ይቆርጣል።

በጋው መግቢያ ላይ አንድ ቀይ ጀልባ መጣ። ባለቤቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሊወስደው ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት የሚሞላትን ልጁን ለልደቷ ሌክ ላኒየር የሚባለው ሐይቅ ላይ ሊያበርራት ቃል ገብቶላታል። መህዲ አዲሱን መስታወት የገጠመው ዓርብ፣ ከመስጊድ እንደተመለሰ ነው። ጓንቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አላጠለቀውም፤ ካጠለቀው ሽታው ወደ ላስቲኩ ይሄድበታል። በግራ መዳፉ መስታወቱን ከውስጥ ደግፎ፣ በቀኙ ብሎኖቹን አጠበቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ሊወለውለው ሲመጣ ፀሐይ በበሩ አግድም ገብታ ነበር። ከብሎኖቹ አጠገብ መዳፍና አምስት ጣት አየ። በጨርቅ ጠረገው፤ አልጠፋም። ቆሻሻ አልነበረም፤ ከፀጉር የቀጠኑ የስንጥቅ መስመሮች ናቸው። ሽቶው የተወጠረውን ፕላስቲክ ሌሊቱን ሲበላው አድሯል። ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ አልኮልና ሽቶ ወደዚህ ዕቃ እንዳይደርስ ለአዲስ ሠራተኛ የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነው።

ከፊት ለፊት ሲያዩት ምንም የለም። ከጎን፣ ያውም በጠዋት ፀሐይ ካልሆነ፣ አይታይም።

የወርክሾፑ ኃላፊ ሚካኤላ ናት። ወላጆቿ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ እዚሁ ደንዉዲ ተወልዳ ያደገች፣ ምህንድስና የተማረች የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ። አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ክፋትም የለባትም። ባለፈው ወር እንዲህ ብላው ነበር፦ "መህዲ፣ ያንተ ፍራይዴ ስኬጁሉን ሜስ አፕ እያደረገው ነው። ዋን ሞር ፕሮብለም ከመጣ፣ አይ ሚን፣ ካንስል አደርገዋለሁ።"

እንግዲህ ከተናገረ ጁመዓው ሄደች። ካልተናገረ ደግሞ አንዲት ልጅ አለች።

መህዲ መወልወያውን አነሳ። የአውራ ጣቱን ምልክት ወለወለው፤ ጠፋ። ቀላል ነበር። የቀሩትንም በሩብ ሰዓት ማጥፋት ይችላል። ግን የጠፋው ከላይ ነው፤ ከውስጥ ያለው እዚያው ነው፤ ይህን ከመህዲ በላይ የሚያውቅ አትላንታ ውስጥ የለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይህኛው የሚጠራው ግን ሐይቅ መሃል ነበር። "ያ አላህ" አለና ቁልፉን አንስቶ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሐሳቡን እንዳይቀይር ፈርቶ መስታወቱን አውርዶ ወለሉ ላይ አስተኛው።

ሚካኤላ ስትገባ ጮኸች። "ዋት? ለምን አወረድከው? ሰውዬው ኢሌቨን ላይ ይመጣል!"

"እኔ አበላሽቼው ነው። እጄ ሽቶ ነበረበት።"

ጎንበስ ብላ አየችው። "ላይክ፣ ምንም አይታየኝም።"

"በዚህ በኩል ነይ። ከጎን እዪው።"

ዞራ አየች። ከዚያ የራሷን እጅ ከላዩ ሳታስነካ ዘረጋችና ከጣቶቹ ጋር አስተያየችው። "ኦ ማይ ጋድ። እጅ ነው።"

ለሰውዬው ደወለች፤ ጩኸቱ ከስልኩ አልፎ ለመህዲም ተሰማው። ስትጨርስ ፊቷ ቀልቶ ነበር። "መንዴይ አዲስ ትሠራለህ። ፍራይዴህን..." አቆመች። "ፍራይዴህን አልወስድብህም፤ ራስህ ስለነገርከኝ። ባት ያ ፐርፊውም ፊኒሽ። ሃንድህ ላይ ምንም ነገር አልፈልግም። ፕሮሚስ?"

"ፕሮሚስ" አለ መህዲ።

ደስ ሊለው በተገባ። አላለውም። ጁመዓውን ትተውለት ከጁመዓው ውስጥ የሚጠብቃትን ያቺን አምስት ሰከንድ ወሰዱበት።

በሚቀጥለው ዓርብ ወደ ኋላ፣ ሐጂ ይመር የማይደርሱበት ጥግ ሊቀመጥ አስቦ ነበር። እግሩ እንደለመደው ወሰደው። ሽማግሌው ጠርሙሳቸውን ይዘው መጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ። መህዲ ጣቶቹን ጨበጠ።

"ይቅርታ ሐጂ። የምሠራበትን ዕቃ ይበላብኛል።"

ሐጂ ይመር አልገባቸውም። ጠርሙሱን አዩ፣ የተጨበጠውን እጅ አዩ። ከዚያ ጠርሙሱን ከድነው ኪሳቸው ከተቱ። "እንግዲያ ሽቶው ይቅር፤ እጅህን ለምን ትነፍገኛለህ?" ብለው ጭብጡን በሁለት እጃቸው ያዙት። ደረቅና ሸካራ እጅ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ፊቱን አዩት።

"ለመሆኑ ስምህ ማን ነው፣ ልጄ?"

መህዲ ደነገጠ። አስራ አንድ ዓመት በየጁመዓው! እሱ የጠርሙሳቸው ክዳን የተነደለችበትን ቦታ ሳይቀር ያውቃል፤ እሳቸው ስሙን አያውቁትም ነበር። አመመው፣ ክፉኛ አመመው፤ እጁን ግን አልሳበም።

"መህዲ" አለ። ስሙን በራሱ አፍ ከተናገረ ስንት ጊዜ እንደሆነው አላስታወሰም።

ከጎኑ ያሉት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሐጂ ይመር አልተንቀሳቀሱም።

"የማን ልጅ?" አሉት፣ እጁን እንደያዙ።