ጋሼ ምትኩ ሳይሰሙት የቀረ ድምፅ

አንድ ከባድ ኃጢአት ልናዘዝ። ይህን የምጽፈው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ነው። እናቶች «ውይ ልጅቷ፣ አንጀቷ አረረ» እያሉ ጀርባዬን ያሻሹኛል። እኔ ግን ፊደሉን አተልቄ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ እየጻፍኩ ነው። እግዜር ይፍታኝ።

ጋሼ ምትኩ ሞቱ።

እስካሁን አላመንኩም። ትናንት ከሰዓት እኮ ደውለው «ነገ ከትምህርት ቤት ስትወጪ በትሩን ይዘሽ ነይ፤ ሰበብ አልሰማም» ብለውኛል። ዛሬ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳለሁ ተነገረኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርናቸው። እውነትም ሰበቤን ሳይሰሙ።

ለማታውቋቸው፦ እዚህ ደባርቅ ያለችውን ባለ አንድ ክፍል የዓይነ ስውራን ማኅበር ይዘው የኖሩት እሳቸው ናቸው። ራሳቸውም ዓይነ ስውር ነበሩ። ብሬል ያስተምራሉ፣ በነጭ በትር መሄድ ያለማምዳሉ፣ ገጠር ድረስ ወርደው ቤት ውስጥ የተደበቁ ልጆችን ወላጅ ለምነው ትምህርት ቤት ያስገባሉ።

አንዴ እንዲህ ያለች ልጅ አለች ተብለን ዳባት ሄድን። ሽማግሌው አያቷ እኔን እኔን እያዩ «ሻይ ስኳር ይሆናቸዋል?» አሉኝ። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠዋል እኮ! «ቆይ ላስተርጉም» አልኩና ጆሯቸው ላይ ተደፍቼ አንሾካሾክሁ። እሳቸውም ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ረጅም ነገር አንሾካሾኩልኝ። «ሁለት ማንኪያ ይላሉ» አልኩ። ሽማግሌው «ተባረኪ» አሉኝ፣ ከምራቸው።

ጋሼ ያሉኝ ግን «እንዳትስቂ አንቺ ሰይጣን፣ ከሳቅሽ ልጅቷን አይሰጡንም» ነበር። አልሳቅኩም። ልጅቷ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት። ሚኒባሱ ውስጥ ከገባን በኋላ ግን እስከ ደባርቅ እየተንፈቀፈቅን መጣን።

ከተማው እኔን የሚያውቀኝ «ዓይነ ስውሩን የምትመራዋ ልጅ» ብሎ ነው። እንግዲህ ትልቁ ኑዛዜ ይኸው፦ ጋሼን መርቼ አላውቅም። የሚመሩኝ እሳቸው ነበሩ።

ዓይኔ እየጠበበ ነው። ቀን ቀን ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ አያለሁ፤ ሲመሽ ዳፍንቱ ያቺንም ይዘጋታል። ጎንደር ያለው ሐኪም አይመለስም ብሎናል። ከእናቴና ከጋሼ በቀር ማንም አያውቅም። አመሻሽ ላይ ቤቴ ሊያደርሱኝ ከማኅበሩ ስንወጣ ክንዳቸውን ይዤ እከተላቸው ነበር። መንገድ ላይ ሽማግሌዎች ቆም ይሉና «አንቺ የተባረክሽ፣ ዓይን ሆንሽላቸው» ይሉኛል። ጋሼ በክርናቸው ጎሸም ያደርጉኛል። «አሜን በይ እንጂ ባለጌ።»

«መሬቱን ጠይቂ» ነበር ቃላቸው፣ በበትራቸው መሬቱን መታ መታ እያደረጉ። «ሰው ሲያዝንልሽ ይዋሽሻል። መሬት አያዝንልሽም፣ አይዋሽሽምም።»

አሁን ስለ ቦዩ ልንገራችሁ። ማኅበሩም የጋሼ ቤትም አንድ ግቢ ነው፤ በሩ ላይ ክዳን የሌለው ቦይ አለ። ጋሼ ይከደንልን ብለው ሁለት ዓመት ተመላለሱ። የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አያ ጓንጉል በየስብሰባው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው «ይታያል» ይሉ ነበር። ጋሼም «ለኔ አይታየኝማ፣ ችግሩ እሱ አይደል» ይሏቸዋል። ሰው ይስቃል። ስብሰባው ይበተናል።

ባለፈው ክረምት ጎርፍ ጠርዙን ናደው። ጋሼ ገቡበት፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ከአልጋ በቅጡ አልተነሱም።

በተኙ በሳምንቱ የራሴን በትር ሰጡኝ። «እንግዲህ እኔ አልመራሽም» አሉኝ። በትሩ ታጥፎ ደብተር ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ሲዘረጋ አራት ጊዜ ቀጭ ይላል። አልጋቸው አጠገብ ስለማመድ ጎበዝ ነኝ። ደጅ ግን አንድም ቀን አውጥቼው አላውቅም። ሰው ምን ይለኛል? ምስኪን ይለኛላ!

«ያቺን ቀጭ ቀጭ ከመስኮቴ ስር፣ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ላይ አሰሚኝ። ሌላ አልለምንሽም» ይሉኝ ነበር። እኔ «ነገ» እላለሁ። ስምንት ወር ሙሉ «ነገ»።

ዛሬ አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ አያ ጓንጉል ሳንቃ አሸክመው መጡ። በግማሽ ሰዓት ቦዩ ተከደነ። ለምን ቢባል፣ «ለቀስተኛ እንዳይወድቅ»።

ሰማችሁ? ለቀስተኛ እንዳይወድቅ!

ይኸው አሁን መሃል ድንኳን ቆመው እየተናገሩ ነው። ጉሮሮ ተጠረገ፣ ጋቢ ተስተካከለ። «ብርሃናችን ነበሩ» አሉ። ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። ጋሼ በሕይወት ሳሉ ግን አያ ጓንጉል «ያ ምስኪን ደግሞ መጣ» ነበር የሚሉት።

እየመሸ ነው። ቅድም ፊት ለፊቴ የነበረው ምሰሶ ጠፍቶኛል። ስነሳ ወይ የአንዱን እጅ እለምናለሁ፣ ወይ ነጠላዬ ስር ያቀፍኩትን እዘረጋለሁ።

ጋሼዬ፣ ዘገየሁብዎ። ከመስኮቱ ወዲያ ሆኖ የሚያዳምጠኝ ሰው የለም አሁን። የሳቁብንን ሁሉ ስቀንባቸዋል፤ በዚህ አይክፋዎ። ምናልባት እዚያም በሩ ላይ ቦይ ካለ፣ አያ ጓንጉል ሲመጡ «ይታያል» ይበሏቸው።

ደህና ይረፉ። እኔ መሬቱን እጠይቃለሁ።

«ትርንጎ! አንቺ ትርንጎ! ለቅሶ ላይ ስልክ? በይ ተነሺና ወደዚህ ነይ፤ ጋሼን ትመራ የነበረችውን ልጅ ሰው ይያት!»

አያ ጓንጉል ናቸው።

መጣሁ አያ። አራት ቀጭ ብቻ ይታገሱኝ።