በድሮ ልክ የሚዋጥ ኪኒን

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ቁልፍ ስተክል ኖሬያለሁ፤ ጠባዩን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ሕግ አለው፦ በድሮ ልክ ጨርቅ አይቆርጥም። ባለፈው ወር የተለካ ደንበኛ እንኳ ቢመጣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እንደገና ይለካዋል። "ሰው ይለወጣል" ይላል፣ ሊቅ ይመስል።

ለራሱ ሲሆን ግን ሕጉ አይሠራም። የደም ግፊቱን የምትከታተለው ሐኪም ክብደት ቀንስ ስላለችው በእግሩ እየተመላለሰ፣ ጣፋጭ ትቶ፣ በዓመት ውስጥ ሃያ ሁለት ኪሎ ቀነሰ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበታለሁ። "በርሜል" ይሉት የነበሩ ደንበኞች "መርፌ" ይሉት ጀመር። ሱሪው ግን አሁንም የበርሜሉ ነው፤ በቀበቶ ሸብሽቦ አስሮት ይውላል። ልብስ ሰፊ እኮ ነው! "አጥብበው" ስለው "ቆይ፣ ይደርሳል" ይለኛል። የደም ግፊት ኪኒኑንም በርሜል ሳለ እንደታዘዘለት ይውጣል፦ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።

ከዚያ ማዞሩ መጣ። የሱሪ ጫፍ ለመለካት ተንበርክኮ ይቆይና ብድግ ሲል ግድግዳ ይይዛል። ሰፈራችን ያለው መድኃኒት ቤት ሄዶ ግፊቱን ተለካ። ልጅቷ "ግፊትዎ በጣም ወርዷል፣ ሐኪምዎን ያማክሩ" አለችው። እሱ የሰማው "ወርዷል" የምትለዋን ብቻ ነው። እየሳቀ መጣ።

"ክብደቴም ወረደ፣ ግፊቴም ወረደ! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ሐኪም ጋ እንድትሄድ ነዋ!"

"ሐኪሟ ኪኒኑን አታቋርጥ ብላለች።"

"ማን አቋርጥ አለህ? ጠይቃት ነው ያልኩህ!"

"አታቋርጥ ብላለች።"

ከግድግዳ ጋር ባወራ ይሻለኝ ነበር። ኪኒኑን ልደብቅበት ቃጥቶኝ ነበር፤ ሌላ ጣጣ እንዳላመጣ ፈርቼ ተውኩት። ይልቅ ሥራዬን እየጣልኩ፣ ከተንበረከከበት በተነሳ ቁጥር ከኋላው እቆም ጀመር።

አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ዞር አልኩ። አንድ አስተማሪ ሱሪ እያስለካ ነው፤ ባሌ አራት ስፒል በከንፈሩ ይዞ እግሩ ሥር ተንበርክኳል። ብድግ አለ፣ ዞረበት፣ የሰውየውን ሱሪ ይዞ ወደቀ። ሱሪውም አብሮት ወረደ።

"ይኸው ወረደልህ!" ብዬ ጮህኩ። እየጮህኩም ጣቴን አፉ ውስጥ ከትቼ ስፒል እለቅማለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው የለም። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። አስተማሪው በውስጥ ሱሪው እንደቆመ "እዚህ አለ" አለ፤ ካልሲው ላይ ተሰክቶ ነበር።

የዚያኑ ቀን እየጎተትኩ ሐኪሟ ጋ ወሰድኩት። አስተኝታ ለካችው፣ አስቁማ ለካችው። ሲቆም ዘጠና በሃምሳ አምስት ሆነ። ካርዱን ገለጠች።

"ይህ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ስንት ኪሎ ነበሩ?"

"ዘጠና ስድስት።"

"አሁን ሰባ አራት ነዎት። ለምን ቀደም ብለው አልመጡም?"

"አታቋርጥ ብለውኛል።"

"በራስዎ አያቋርጡ አልኩ እንጂ አይምጡ አልኩ?"

ትዕግሥቴ አለቀ። "ዶክተር፣ በድሮ ልክ እየቆረጠ ነው!" አልኳት።

ባሌ ከሱቅ ሲወጣ ማውለቅ የረሳውን፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ያዝ አደረገ። "አባቴ በዚህ በሽታ ነው ስፌት ማሽኑ ላይ ድፍት ብሎ የቀረው" አለ። "ኪሎው ቢመለስብኝስ? ያኔ ኪኒኑ ቢያንሰኝስ?"

ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር "አባቴ ታሞ ሞተ" ከማለት በቀር ነግሮኝ አያውቅም። ተናደድኩ፤ አንጀቴንም በላኝ።

ሐኪሟ የማታውን ኪኒን አስቀረች፣ የጠዋቱን በግማሽ ቀነሰች። በየቀኑ እየተለካ እንዲጽፍና በሁለት ሳምንት እንዲመለስ አዘዘችው። "ከጨመረም እናስተካክለዋለን፤ ሲነሱ ግን ቀስ ብለው" አለችው።

በማግስቱ ሱቅ ስገባ ሽርጥ ታጥቆ የራሱን ሱሪ ማሽኑ ላይ ዘርግቶታል። አጠበበው። ትርፉን ጨርቅ ግን አልቆረጠም፤ ወደ ውስጥ አጥፎ ሰፋው። ልጮህበት አፌን ስከፍት፣ "ልክ ይለወጣል" አለኝ፤ "ካስፈለገ እንፈታዋለን።"

ሱሪውን ለመልበስ ሊነሳ ሲል እጄን ዘርግቼ ከኋላው ቆምኩ።

"እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ዝም ብለህ ተነስ!"

ቀስ ብሎ ተነሳ። ግድግዳውን አልያዘም። እኔ ግን እጄን አላወረድኩም።